ሚር ሰላም አይደለም

(ባለፈው ዕትም ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)

ባለፈው ዕትማችን ስለ ሩሲያ የገጠር ማኅበር የወጣውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ጓደኛችን ብዕር እንዳለው ማንም አይክድም። ግን ያማረ አጻጻፍ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሩሲያ ገበሬ የጌታ ንብረት በነበረበት ዘመን እንኳ በመንደሩ ውስጥ ነፃ ነበር፤ መሬቱን በእኩል ይካፈላል፣ ሹሙን ራሱ ይመርጣል፣ ጠቡን በሸንጎው ይፈታል። የማኅበሩ ስም «ሚር» ነው፣ ትርጉሙም «ሰላም» ነው። እንግዲህ ከጭቆና ሥር የበቀለ ንጹሕ የሕዝብ ሥልጣን ስለሆነ ለኛም አርአያ ይሁነን፤ ይኸው ነው ነገሩ።

እስቲ ከስሙ እንነሣ። ሚር በሩሲያኛ ሰላምም ነው፣ ዓለምም ነው፣ የመንደር ማኅበርም ነው። ነገር ግን ከ1918ቱ የፊደል ለውጥ በፊት (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሰላም የሆነው ሚርና ማኅበር የሆነው ሚር በተለያየ ፊደል ይጻፉ ነበር። ድምፃቸው አንድ፣ ጽሕፈታቸው ሁለት። እኛ «ሠ»ንና «ሰ»ን እያምታታን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ብዙም አይፈረድብንም። ቢሆንም አንድን ሥርዓት በስሙ ድምፅ ማጽደቅ ምን ይሉታል? ይሄማ ሰውየው ስሙ ቸርነት ስለሆነ ገንዘብ አይሰስትም እንደ ማለት ነው።

ሌላም ወገን አለ። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ በምግብ አዳራሹ ወረፋ ላይ ቆመው «ሚር የሚባለው ተረት ነው፤ የጌታው አሻንጉሊት ነው፤ ገበሬው እንደ ከብት ከመነዳት በቀር ምንም አያውቅም ነበር» የሚሉትን ሰምቻለሁ። እነዚህ ደግሞ ከጓደኛችን ይብሳሉ። እሱ ገበሬውን መልአክ አደረገው፤ እነሱ ግዑዝ ዕቃ አደረጉት። ሰው ነበረ የሚል ጠፋ።

የኔ አቋም የሚከተለው ነው። ሚር እውነተኛ ሥልጣን ነበረው። ሥልጣን ስለነበረውም በሠራው ሥራ ይጠየቃል። ያ ሥልጣን ገሃድ የሚወጣው ደግሞ መሬት ሲካፈሉ አይደለም፤ አንድ ወጣት ዕቃውን አሥሮ ለሥራ ወደ ፒተርስቡርግ ልሂድ ሲል ነው።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ክሬፖስትኖይ» የሚባለውን የሩሲያ ገበሬ ገባር ወይም ጭሰኛ ብለን መተርጎም ልማድ ሆኖብናል። ለንባብ ይመቻል፤ ለማስተዋል ግን ያስቸግራል። ገባሩ ይገብራል፤ ጭሰኛው ሲሶውን ወይም እርቦውን ይሰፍራል። ክሬፖስትኖዩ ግን ራሱ ይሸጣል፣ ራሱ በዕዳ መያዣ ይሆናል። በ1767 ዳግማዊት ካትሪን ክሬፖስትኖይ ጌታውን ለዘውድ እንዳይከስ በአዋጅ ከለከለች። በ1861 ነፃነት ሲታወጅ የግል ጌታ የነበራቸው ወደ 23 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ገባር ብላችሁ ስታነቡ ይህን ሁሉ ጨምራችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ መንደሩ እንግባ። ጌታው አብዛኛውን ጊዜ መንደሩን የሚያውቀው በመዝገብ ነው፤ እሱ የሚኖረው በዋና ከተማው ነው። የሸረሜቴቭ ቤት ከ100 ሺህ በላይ ወንድ ነፍሳት በብዙ አውራጃ ተበትነው ነበሩት፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን በየቤቱ እየዞረ ይቈጥርለታል? ማኅበሩ ነዋ! ሸንጎው «ስኾድ» ይባላል፤ የመንደሩ ጭቃ ሹም «ስታሮስታ» ነው፤ ይመረጣል፣ ጌታው ወይም ምስለኔው ያጸድቀዋል። በሸንጎው የሚቀመጡት አባወራዎች ናቸው። ባሏ ሞቶባት ቤት የምትመራ ሴት አልፎ አልፎ ካልሆነች በቀር ሴት ድምፅ የላትም። ሚስት ያገባ፣ ልጆች የወለደ ወንድ እንኳ በአባቱ ጣራ ሥር እስካለ ድረስ አፍ የለውም። ጓደኛችን «የሕዝብ ሥልጣን» ያለው ይህን ነው፤ እኔ የአባቶች ሥልጣን እለዋለሁ።

የነገሩ ሁሉ መቋጠሪያ «ክሩጎቫያ ፖሩካ» የሚሉት ነው፤ የዙሪያ ዋስትና እንበለው። አንዱ ያልከፈለውን ሌላው ይከፍላል፤ አንዱ ሲጠፋ መንደሩ ይጠየቃል። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ምን እንደነበረ ከአያቱ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የኛው ሌባ እስኪወጣ ድረስ ሲሆን የነሱ ከልደት እስከ ሞት መሆኑ ነው። ኧረ ከሞትም በኋላ! ከታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ጀምሮ ግብሩ የሚጣለው በወንድ ነፍስ ቁጥር ነው፤ የሕዝብ ቆጠራው ግን እስከ 1858 ድረስ የተደረገው 10 ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት ቆጠራ መካከል የሞተ ሰው በመዝገብ ላይ በሕይወት አለ፤ ግብሩንም ማኅበሩ ይከፍልለታል። ጎጎል በ1842 ባሳተመው «የሞቱ ነፍሳት» አንባቢውን የሚያስቀው ተንኮል የተሠራው በዚህች ቀዳዳ ነው።

መሬትን በእኩል መካፈል የሚባለውም በዚህ ዓይን ይታይ። መሬቱ የሚታደለው በ«ትያግሎ» ነው፤ ባልና ሚስት አንድ የሥራ ጥማድ ማለት ነው። ልጅ ሲያገባ ትያግሎ ይሰጠዋል፤ ከመሬቱ ጋር ዕዳውንም ይረከባል። አፈሩ ጥቁርና ለም በሆነበት በደቡብ ዕጣ የደረሰው ሰው ደስ ይለዋል። በሰሜን ግን፣ መሬቱ ቀዝቃዛና መናኛ በሆነበት በያሮስላቭልና በኮስትሮማ፣ መሬቱ ከሚያወጣው የሚከፈልበት ይበልጣልና ዕጣ የወጣለት ሰው ሊያዝን ይችላል። ሸንጎው እዚያ ሀብት አያካፍልም፤ ሸክም ያካፍላል። ሸክምን በእኩል ማካፈል መልካም ነገር ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ግን «እኩልነት» ብሎ ዘፈን ለማውጣት ይህ ይበቃል?

ደቡቡና ሰሜኑ የተለያዩት በአፈር ብቻ አይደለም። በደቡብ ጌታው የሚፈልገው ጉልበት ነው፤ ገበሬው በሁዳድ ላይ ይውላል፤ «ባርሽቺና» ይሉታል። በሰሜን ጌታው የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ «ኦብሮክ» ይሉታል። ገንዘቡ ከወዴት ይምጣ? አጃና ተልባ አያወጡትም። ስለዚህ ወንዱ ይሄዳል። የኮስትሮማ ሰው መጥረቢያውን ይዞ አናጢ ወይም ቀለም ቀቢ ይሆናል። የያሮስላቭሉ በፒተርስቡርግ መጠጥ ቤት አሳላፊ፣ አትክልተኛ፣ ሱቅ ጠባቂ ይሆናል። ከቭላዲሚር አውራጃ ዕቃ በጀርባቸው ተሸክመው አገር ላገር የሚዞሩ «ኦፌኒ» የሚባሉ ነጋዴዎች ይወጣሉ፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት የምስጢር ቋንቋ ነበራቸው። ሌላው በቮልጋ ዳር ጀልባ በገመድ ይጎትታል፤ ሬፒን በ1873 የጨረሰው ሥዕል የነዚህን ሰዎች ዓይነት ነው የሚያሳየን። ይህ አካሄድ «ኦትኾድ» ይባላል፤ ሄዶ መመለስ ያለበት ስደት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ይህ ሰው እንዲሁ ተነሥቶ አይሄድም። ከ1724 ጀምሮ ከመንደሩ ርቆ ለሥራ የሚሄድ ገበሬ የይለፍ ወረቀት መያዝ ግዴታው ነው። ወረቀቱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሲያልቅ ይታደሳል። ለማደስ ጌታው ወይም የጌታው ጽሕፈት ቤት ይፈቅዳል፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚጠይቀው ደግሞ መንደሩን ነው፤ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ወረቀቱ ያለቀበት ሰው በከተማ ከተያዘ በዘበኛ ታጅቦ ወደ መንደሩ ይመለሳል። የገመዱ አንዱ ጫፍ በጌታው እጅ ነው፤ ሌላው ጫፍ በአባቱና በጎረቤቱ እጅ። ወጣቱ በኔቫ ወንዝ ዳር ጡብ እየተሸከመ ያገኘው ደመወዝ የጌታውን ኦብሮክ ይከፍላል፣ የዘውዱን ግብር ይከፍላል፣ የሞተ አጎቱን ግብር ይከፍላል፣ ከዚያ ከተረፈ እናቱ ጨው ትገዛበታለች። እሱ ራሱ በሸንጎው ላይ የለም። የሸንጎውን ወጪ የሚሸፍነው ሰው በሸንጎው አይናገርም! ጓደኛችን ይህን በየትኛው ገጽ ላይ አስፍሮት ይሆን? እኔ ፈልጌ አጣሁት።

ወደ ወታደር ምልመላው ልለፍ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። መንግሥት ከየመንደሩ ይህን ያህል ሰው ስጡ ይላል። ማን ይሂድ የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጀው ማኅበሩ ነው። የአገልግሎቱ ዘመን እስከ 1793 ዕድሜ ልክ፣ ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ነበር። ወጣቱ ግንባሩ ላይ ያለው ጠጉር ይላጫል፤ ቤተ ሰቡ ደግሞ እንደ ሞተ ሰው ሙሾ ያወርዱለታል። ታዲያ የሀብታም ልጅ ሄደ ትላላችሁ? ሀብታሙ ምትክ ይገዛል። ሰው ገዝቶ በልጁ ፋንታ ይሰጣል፤ ክሬፖስትኖዩ ራሱ በጌታው ስም ሌላ ክሬፖስትኖይ ይገዛል። የሚሄደው አባት የሌለው፣ ዕዳ የቆየበት፣ ወይም በሸንጎ ላይ ምላሱን ያስረዘመ ነው።

ስቲቨን ሆክ የሚባል የታሪክ ሰው በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ በታምቦቭ አውራጃ የምትገኘውን ፔትሮቭስኮዬን፣ የጋጋሪን መኳንንትን የሁዳድ መንደር፣ በመዝገቧ መርምሯል። ያገኘው የሚያሳፍር ነው። ግርፋቱ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ምስለኔውና ሽማግሌዎቹ አባወራዎች ተባብረው ወጣቱን ትውልድ ይይዙበት ነበር፤ ሽማግሌው የራሱን ቤት ጉልበት በምስለኔው ጅራፍ ያስጠብቃል፤ ምስለኔው ደግሞ መንደሩን በሽማግሌው አፍ ይገዛል። አሻንጉሊት የምትሉ ወዳጆቼ፣ አሻንጉሊት እንዲህ ያለ ድርድር ያውቃል?

ሁለተኛው መጽሐፍ የትሬሲ ዴኒሰን ነው፤ በ2011 ወጣ። ይህ ደግሞ የሰሜን መንደር ነው፤ ቮሽቻዥኒኮቮ፣ በያሮስላቭል፣ የሸረሜቴቮች ርስት። እዚህ ሁዳድ የለም፤ ኦብሮክ ነው። ደራሲዋ ያገኘችው እንደ ጓደኛችን ጽሑፍ በእኩል የሚኖር መንደር አይደለም። መሬት የሚገዙና የሚሸጡ፣ ወለድ የሚያበድሩ፣ ውል የሚዋዋሉ፣ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ክሬፖስትኖዮች ናቸው። ውሉን የሚያጸናላቸው የጌታው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ዳኝነት ይከፈልበታል። በወቅቱ ያላገቡ ሰዎች ደግሞ መቀጫ ይጣልባቸው ነበር፤ አዲስ ትያግሎ አልሠሩማ! የመንደሩ ሹሞች ሥራቸውን የሚጠቀሙበት ለወገናቸው ነበር። የተጣሉትም ሸንጎውን ዘለው ለጌታው አቤት ይላሉ፤ ድሀው በጎረቤቱ ላይ የሚከስሰው የሩቁን ጌታ ተማምኖ ነው። ይህ ነገር ለኛ የሚመር እውነት ነው። የሩቁ ጨቋኝ ከቅርቡ ወንድም የተሻለ ሆኖ የታየው ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ከዚህ ሐቅ አንሽሽ።

ስለ ሀብታሞቹ ካነሣሁ አይቀር፦ ሳቫ ሞሮዞቭ ሽመና የሚሠራ ክሬፖስትኖይ ነበር፤ በ1820 ራሱንና ቤተ ሰቡን በ17 ሺህ ሩብል ገዝቶ ነፃ ወጣ፤ ልጅ ልጆቹ የሩሲያ ታላላቅ ባለ ፋብሪካዎች ሆኑ። በሸረሜቴቮቹ መንደር በኢቫኖቮ ደግሞ የጨርቅ ፋብሪካ ያላቸው ክሬፖስትኖዮች ነበሩ። እስከ 1848 ድረስ ሕጉ መሬትን በስማቸው እንዲገዙ አይፈቅድላቸውም ነበርና ሁሉንም የሚይዙት በጌታው ስም ነው። ጌታው ቢክድስ? ማንም አይጠይቀውም። እንግዲህ በአንድ ሸንጎ ፋብሪካ ያለውና ጫማ የሌለው አብረው ተቀምጠው «እንደ አንድ ልብ» ይወስናሉ ይባላል። የአሌክሳንደር ኒኪቴንኮ አባት በሸረሜቴቮች መንደር ጸሐፊ ነበር። ከመንደሩ ሀብታሞች ጋር ተጋጭቶ ሥራውን አጣ፤ ተንገላታ። ልጁ በ1824 ነፃ ወጥቶ በኋላ የፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የልጅነቱን ታሪክ ጽፎ ስለተወልን ነው ይህን የምናውቀው። ሚር ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ የዚህን ሰው ማስታወሻ ያንብብ።

ሚርን ስነቅፍ መልካሙን ልሸሽግ አልፈልግም። ጌታው ኦብሮኩን ከመጠን በላይ ሲያወጣው አቤቱታ የሚጽፈው፣ መልእክተኛ መርጦ መንገድ ስንቁን አዋጥቶ የሚልከው ማኅበሩ ነው። ቤቱ የተቃጠለበትን የሚሠራለት፣ የታመመውን ማሳ በደቦ የሚያጭድለት ማኅበሩ ነው። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ኦትኾድ የሄዱት ወጣቶች በከተማ ያቋቋሙት ነው። «አርቴል» ይባላል። የአንድ መንደር ልጆች በአንድ ክፍል ያድራሉ፣ በአንድ ድስት ይበላሉ፣ አለቃቸውን ይመርጣሉ፣ ሥራውን በጋራ ተዋውለው ገንዘቡን ይካፈላሉ። በመንደሩ አፍ ያልነበረው ልጅ በአርቴሉ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ አለቃው ከአሠሪው ጋር ተመሳጥሮ የሚበላበት አርቴል አልጠፋም። ቢሆንም ጓደኛችን «ራስን በራስ ማስተዳደር» ሲል ስለ አርቴል አንድ ቃል ጽፎ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ክርክር በተውኩለት።

ይህን ሁሉ ማሞገስ ማን ጀመረው? ገበሬው አይደለም። ሀክስታውዘን የሚባል የፕሩሲያ ባላባት በ1843 ሩሲያን ዞሮ አየና ስለ ሚር ተደንቆ ጻፈ። ኮንስታንቲን አክሳኮቭና ጓደኞቹ ስላቮፊሎች ሚርን አንድ ድምፅ እንደሚያወጣ የመዘምራን ጉባኤ አዩት፤ ከነሱ ብዙዎቹ የክሬፖስትኖዮች ጌቶች ነበሩ። ከዚያ ሄርትዘን ሶሻሊዝም በሚር በኩል ይመጣል አለ። ማርክስ እንኳ በ1881 ለቬራ ዛሱሊች በጻፈው መልስ ሚር ለሩሲያ መታደስ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል፤ ግን ከየአቅጣጫው የሚያጠቁት ነገሮች አስቀድመው ከተወገዱለት ብሎ ነው። ጓደኛችን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ወስዶ ሁለተኛውን ጣለው።

ፑሽኪን ግን አልተታለለም። በ1830 ጀምሮ ሳይጨርሰው በተወው የጎርዩኺኖ መንደር ታሪክ ውስጥ አንድ ምስለኔ በሦስት ዓመት መንደሩን እንዴት እንዳራቆተው እያሳቀ ይነግረናል። እግረ መንገዴን፦ እኛ በፑሽኪን ደም እንኮራለን። ቅድመ አያቱ አብራም ሐኒባል ከኛ አገር ነው የሚሉና ከቻድ ሐይቅ ደቡብ ነው የሚሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩን እንተወውና፣ ሐኒባል በ1742 ከንግሥት ኤልሳቤጥ በፕስኮቭ አውራጃ ርስት ሲሰጠው ከነገበሬዎቹ ነው የተቀበለው። ከአፍሪቃ በባርነት የተወሰደ ልጅ የክሬፖስትኖዮች ጌታ ሆነ። ስንኮራ ይህንንም ጨምረን እንኩራ።

«በ1861 ሁሉም አበቃ» የሚል ካለ አላበቃም። ጌታው ሄደ፤ ገመዱ ቀረ። መንግሥት የመሬቱን ዋጋ ለጌታው ከፍሎ ገበሬው በ49 ዓመት እንዲመልስ አደረገ። በሰሜን የተተመነው ዋጋ ከመሬቱ ዋጋ በላይ ነበር፤ የሚሰላው በኦብሮኩ ነዋ። ኦብሮኩ ደግሞ ከፒተርስቡርግ ደመወዝ የመጣ ነው። የኮስትሮማው አናጢ መሬት ገዛ ተባለ እንጂ የገዛው የራሱን እግርና የራሱን መጥረቢያ ነበር። የይለፉ ነገርም ከጌታው እጅ ወጥቶ ጠቅልሎ ለማኅበሩና ለአባወራው ተሰጠ፤ ልጅ ገንዘብ ካልላከ አባት ወረቀቱ እንዳይታደስ ያደርጋል። የዙሪያ ዋስትናው በብዙው አገር የቀረው በ1903፣ የገበሬ ፍርድ ቤት ግርፋት በ1904፣ የይለፉ እገዳ የላላው በ1906፣ የመሬቱ ዕዳ የተሰረዘው በ1907 ነው።

ሴቶቹስ? ዥባንኮቭ የሚባል ሐኪም በኮስትሮማ አውራጃ ወንዶች ለሥራ የሚሰደዱባቸውን ወረዳዎች አጥንቶ በ1891 መጽሐፍ አወጣ፤ ስሙም «የሴቶች አገር» ማለት ነው። ወንዶቹ በፀደይ ሄደው በክረምት መግቢያ ይመለሳሉ፤ የሚያርሱት፣ የሚዘሩት፣ የሚያጭዱት ሴቶች ናቸው፤ በመንደር ጉዳይም ይገቡ ነበር። ለነሱ የሸንጎው በር የተከፈተው በመርህ አልነበረም፤ ወንድ ስለጠፋ ነው። ይህ ሐቅ ስለ ሚር ከተጻፉት ውዳሴዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ይነግረኛል።

ከአብዮቱም በኋላ የነገሩ ጭራ አልተቆረጠም። በ1932 ታኅሣሥ የሶቪየት መንግሥት የአገር ውስጥ ፓስፖርት አወጣ፤ ለከተማው ሰው ሰጠ፣ ለኮልሖዙ ገበሬ በጅምላ አልሰጠም። ኮልሖዙም ሸንጎ ነበረው፤ ሊቀ መንበሩም በድምፅ ይመረጥ ነበር፤ ለሥራ ወደ ከተማ የሚሄድ ወጣት ግን ከኮልሖዙ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ለገበሬውም ፓስፖርት ይሰጥ የሚለው ደንብ የወጣው በ1974 ነሐሴ ነው፤ ማደሉ የተጀመረው በ1976 ሲሆን እስከ 1981 ቆየ። ጓደኛችን ለሚቀጥለው ዕትም መልስ የሚጽፍ ከሆነ ከዚህች ወረቀት እንዲጀምርልኝ እጠይቀዋለሁ፦ ያ የያሮስላቭል ልጅ ወረቀቱ ባለቀበት ዕለት፣ በዚያ ሸንጎ ላይ ስለሱ የተናገረው ማን ነበር?